አንድ የደለል አለት ክፍል፣ ሁለት መስመር፣ 72 ሜትር ልዩነት፦ ስህተቱ የት ነው?

ንጣፍ ቆጣሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ተራራማ ቦታ ላይ የቆዩ የደለል አለት ንጣፎችን ውፍረት እየለካን ነው፤ ዕድሜያቸው ፓሌኦዞይክ (ከዳይኖሰሮች በፊት ያለው ዘመን) እንደሆነ ይታሰባል። ከታች በኮንግሎሜሬት (ጠጠር ተጣብቆ በሠራው አለት) ይጀምራል፣ ከላይ ቀላ ያለ የኖራ ድንጋይ ይዘጋዋል። መሃል ላይ በቅደም ተከተል አሸዋ ድንጋይ፣ ግራጫ የኖራ ድንጋይ፣ ሼል (በስሱ የሚሰነጠቅ የጭቃ አለት)፣ ከዚያ ደግሞ አሸዋ ድንጋይ አለ። መነሻውና መድረሻው በሁለቱም መስመር በግልጽ ስለሚታዩ እዚያ ላይ ክርክር የለንም። ንጣፎቹ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያዘነብላሉ።

መስመር ሀ ወደ ሰሜን ምዕራብ በሚያየው ገደላማ ፊት ላይ ነው፤ ተዳፋቱ 25 ዲግሪ ገደማ ነው። ክሊኖሜትሩን (የዘንበል አንግል መለኪያውን) 40 ዲግሪ ላይ አድርገን በ1.5 ሜትር ጄኮብ ስታፍ (የንጣፍ ውፍረት መለኪያ ዘንግ) ለካነውና 318 ሜትር ወጣ። መስመር ለ 1.2 ኪሎ ሜትር ርቆ በሌላ ሸንተረር ጀርባ ላይ ነው። እዚያ ተዳፋቱም ዲፑም (የንጣፉ ዝንባሌ) ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳሉ፤ የተዳፋቱ አማካይ እንደገና 25 ዲግሪ ነው። በሜትር ገመድ ተዳፋቱ ላይ የተለካው ርዝመት ሲደመር 1262 ሜትር ሆነ፤ የ22 ንባቦች አማካይ ዲፕ 43 ዲግሪ ስለነበር 390 ሜትር አገኘን።

ሦስት ጥያቄ አለን። የትኛውን እንመን? አማካዩን ብንወስድስ? ንጣፎቹ በፎልት (አለት ተሰብሮ በተንሸራተተበት ስንጥቅ) እንዳልተደገሙ ወይም እንዳልተገለበጡስ በምን እናረጋግጣለን? ለዕድሜ ናሙና ስለ መውሰድም ምክር ካላችሁ ጨምሩበት።

ሳይንና ኮሳይን፦

አማካዩን አትውሰዱ። የሁለቱ መስመሮች አስተማማኝነት እኩል ስላልሆነ 354 የሚለው ቁጥር ማንንም አይወክልም።

መስመሩ ስትራይኩን (ንጣፉ ላይ ያለውን አግድም አቅጣጫ) በ90 ዲግሪ ካቋረጠ ስሌቱ ይህ ነው። ተዳፋቱና ዲፑ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚወርዱ ከሆነ (መስመር ሀ) ውፍረት ማለት የተዳፋቱ ርዝመት ሲባዛ በሳይን (ዲፕ + ተዳፋት) ነው። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ከወረዱ (መስመር ለ) ደግሞ ሲባዛ በሳይን (ዲፕ − ተዳፋት) ይሆናል። መከራው ያለው ቅነሳው ላይ ነው። 40 ሲቀነስ 25 የሚሰጠው 15 ዲግሪ ነው፤ የትንሽ አንግል ሳይን ደግሞ ለትንሽ ስህተት እጅግ ስስ ነው።

በራሳችሁ ቁጥር እንየው። 1262 ሜትሩን ይዛችሁ ዲፑን 40 ብታደርጉት ውፍረቱ 327 ሜትር ነው። 43 ስታደርጉት 390፣ 37 ስታደርጉት 262። መስመር ሀ ላይ ለ318 ሜትር የሚበቃው የተዳፋት ርዝመት 351 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ዲፑን ከ37 እስከ 43 ብታወዛውዙት ውፍረቱ ከ310 እስከ 325 ብቻ ነው የሚንቀሳቀስ። በአጭሩ መስመር ለ ላይ እያንዳንዷ ዲግሪ 6.5 በመቶ ገደማ ታስከፍላለች፣ መስመር ሀ ላይ 0.8 በመቶ። የተዳፋቱ አንግልም እንደዚያው ነው። 1262 ሜትሩን በአንድ አማካይ ተዳፋት ካባዛችሁት ትክክል አይደለም፤ ከ30 ሜትር የማይበልጥ ቁራጭ እየወሰዳችሁ የእያንዳንዱን ተዳፋት ለብቻ አስሉ፣ ከዚያ ደምሩ።

በጂፒኤስ ከፍታ ለማጣራት እንዳትሞክሩ። የእጅ ጂፒኤስ ከፍታን 10 ሜትርና ከዚያ በላይ ሊስት ይችላል።

ግራጫ ሼል፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን 43 ዲግሪው ከየት መጣ? እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ሁለት ተጠርጣሪ አለ።

አንደኛው ክሮስ ቤዲንግ ነው። አሸዋ ድንጋይ ውስጥ ያሉት ሰያፍ መስመሮች አሸዋው ሲከማች ጀምሮ ያዘነበሉ ናቸው፤ 30 ዲግሪ አካባቢ ሊደርሱ ይችላሉ። አለቱ በእነሱ ላይ ለስልሶ ስለሚሰነጠቅ ኮምፓስ ለማስቀመጥ ይጋብዛሉ። ሰያፉ ወደ ዲፑ አቅጣጫ ከሆነ ንባቡን ያሳድገዋል፣ ወደ ተቃራኒው ከሆነ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ዲፕ ከአሸዋ ድንጋዩ ሆድ አይወሰድም። በሁለት አሸዋ ድንጋዮች መካከል ካለች ስስ የሼል ወይም የሲልት (ከአሸዋ የደቀቀ ደለል) ንጣፍ ገጽ፣ ወይም ከኖራ ድንጋዩ የንጣፍ ገጽ ነው የሚወሰደው። ገጹ ሸካራ ከሆነ ጠንካራ የማስታወሻ ሰሌዳ አስቀምጡበትና ኮምፓሱን እሱ ላይ አድርጉት። ሰሌዳው የብረት መቆንጠጫ ካለው ግን አቅጣጫ ስታነቡ አንሱት።

ሁለተኛው የተዳፋቱ መንሸራተት ነው። በተዳፋት ላይ የላይኛው አንድ ሁለት ሜትር አፈርና የላላ አለት በስበት ኃይል ቀስ እያለ ይወርዳል፤ የንጣፎቹንም ጫፍ ይዞ ያጎነብሳል። መስመር ለ ላይ ንጣፎቹ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳሉ፣ መንሸራተቱም ወደዚያው ነው። ስለዚህ የንጣፉ ብቅ ያለ ጫፍ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲገፋ ይበልጥ ይቆማል፤ ገጽ ላይ የምታነቡት ዲፕ ከእውነተኛው ይበልጣል። መስመር ሀ ላይ ተቃራኒው ነው፣ ጫፉ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲገፋ ይተኛል። ስህተታችሁ ወደ ላይ መሆኑ ራሱ ይህን ያስጠረጥራል። መፍትሔው ዝናብ የቆረጠው ሸለቆ ውስጥ ወርዶ ትኩስ አለት ላይ መለካት ነው።

የአካባቢውን አጠቃላይ ዲፕ ለማወቅ ደግሞ የሦስት ነጥብ ዘዴ አለ። በቀላሉ የሚለይ አንድ ንጣፍ ምረጡ፣ ለምሳሌ የላይኛውን ቀይ የኖራ ድንጋይ መሠረት። በቀጥታ መስመር ላይ ያልሆኑ፣ በመቶዎች ሜትር የሚራራቁ ሦስት ቦታዎች ላይ ቦታውንና ከፍታውን አንብቡና የንጣፉን ገጽ ዝንባሌ በስሌት አውጡ። (ሳይንና ኮሳይን ይቆጣኛል እንጂ እዚህ ላይ ጂፒኤስም ያገለግላል፤ የ10 ሜትር ስህተት በ500 ሜትር ርቀት ላይ ከ1 ዲግሪ ብዙም አይበልጥም። ለውፍረት ነው የማይሆነው።) ንጣፉ በመካከል ከታጠፈ ግን ዘዴው ዋጋ የለውም።

ንጣፍ ቆጣሪ፦

አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ፦ መስመር ለ ላይም በሜትር ገመድ ፈንታ ጄኮብ ስታፉን ብንጠቀም ችግሩ ይቀረፍ ነበር?

ሳይንና ኮሳይን፦

አይቀረፍም፤ ብዙ ሰው ግን እንዲህ ያስባል። ዘንጉ ትሪጎኖሜትሪውን ከወረቀት ወደ ሜዳ ነው የሚያወጣው እንጂ አያጠፋውም።

አሠራሩን ላስታውስ። የዘንጉን እግር ንጣፉ ላይ ታቆማላችሁ፣ ክሊኖሜትሩን በዲፑ ላይ አድርጋችሁ የውሃ ልኩ አረፋ መሃል እስኪገባ ዘንጉን ወደ ዲፑ አቅጣጫ ታዘነብሉታላችሁ። ያን ጊዜ ዘንጉ ከንጣፉ ጋር 90 ዲግሪ ይሠራል። ከጫፉ በንጣፉ ትይዩ ታነጣጥራላችሁ፤ ዓይናችሁ መሬት ያገኘበት ነጥብ ከእግሩ በላይ 1.5 ሜትር ውፍረት ላይ ነው፣ እዚያ ትቆሙና ትቀጥላላችሁ።

ጉዳዩ ዓይን እስከ መሬት የሚሄድበት ርቀት ነው። መስመር ሀ ላይ ይህ ርቀት 0.7 ሜትር ነው፣ መስመር ለ ላይ 5.6 ሜትር። ክሊኖሜትሩ 3 ዲግሪ ቢስት መስመር ሀ ላይ በአንድ ዘንግ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ትሳሳታላችሁ። መስመር ለ ላይ ግን ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ከ1.5 ሜትሩ አንድ አምስተኛ ነው። የሳይኑ ስህተት ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ከተቻለ መስመሩን ራሱን ቀይሩ፤ ዲፑን የሚቃረን ተዳፋት ፈልጉ። ጥሩ ገላጣ አለት ትንሽ ወደ ጎን ካለ አንዱን ንጣፍ ሳትለቁ በጎን ተጉዛችሁ እዚያ ልኬቱን ቀጥሉ፤ ውፍረት አይጠፋባችሁም። ንጣፉን ለቃችሁ በግምት ከዘለላችሁ ግን ይጠፋል።

አንድ ሌላ ነገር፦ የማነጣጠሪያው አቅጣጫ ራሱ ዲፑን ተከትሎ መሆን አለበት። ዘንጉን ይዞ ዳገቱ ወደሚመቸው አቅጣጫ ማነጣጠር የተለመደ ስህተት ነው።

ንጣፍ ቆጣሪ፦

ማስታወሻችንን መልሰን አየነው። ከ22ቱ ንባቦች 9ኙ ክሮስ ቤዲንግ ካለው አሸዋ ድንጋይ የተወሰዱ ናቸው። እነሱን ስናወጣ አማካዩ 40.5 ዲግሪ ሆነ፣ የመስመር ለ ውፍረትም ወደ 337 ሜትር ወረደ። አሁን የቀረው ልዩነት 19 ሜትር ነው። ይህን እንደ መለኪያ ስህተት ብንተወው ይበቃል?

ሃንድ ሌንስ፦

አትተዉት፤ መጀመሪያ ልዩነቱ የት እንደተቀመጠ እዩ። ድምርን ከድምር ማወዳደር ምንም አያስተምርም። ሁለቱን ሎጎች (ንጣፎቹን በቅደም ተከተል የሚያሳዩ ሥዕሎች) በ1፡100 (አንድ ሳንቲ ሜትር ለአንድ ሜትር) ጎን ለጎን ሳሉ፣ በአንድ ምልክት ንጣፍ አስተካክሏቸው፣ ከዚያ ክፍል በክፍል አወዳድሩ። ስህተቱ ከዲፕ ከሆነ ሁሉም ክፍል በተመጣጣኝ ያብጣል። ልዩነቱ በአንድ ክፍል ብቻ ከተጠራቀመ ግን እጁ የመለኪያው አይደለም፣ የጂኦሎጂው ነው።

ንጣፍ ቆጣሪ፦

በእርግጥም እንዲህ ነው። ኮንግሎሜሬትና የታችኛው አሸዋ ድንጋይ በሀ 96፣ በለ 98 ሜትር ነው። ግራጫው የኖራ ድንጋይ 88 እና 89። ሼሉ 41 እና 56። የላይኛው አሸዋ ድንጋይ 93 እና 94።

ሃንድ ሌንስ፦

እንግዲህ 15ቱ ሜትር ሼሉ ውስጥ ነው። የሚጠበቅም ነው። ሼል ደካማ ስለሆነ ትረስት ፎልት (አንዱን አለት በሌላው ላይ የሚገፋ ፎልት) ከንጣፉ ጋር ትይዩ ሆኖ ተንሸራቶ የሚያልፍበት አለት እሱ ነው፤ ጠንካራውን የኖራ ድንጋይ ግን በሰያፍ ይቆርጠዋል። ንጣፍን ተከትሎ የሄደ ፎልት ከሩቅ አይታይም፣ ሣርና ድንጋያማ አፈር ይሸፍነዋል።

ሦስት ዕድል አለ፦ ለ ላይ ሼሉ ተደግሟል፣ ሀ ላይ ከፊሉ በፎልት ተቆርጦ ጠፍቷል፣ ወይም መጀመሪያውኑ ጭቃው ሲከማች ውፍረቱ ይለያይ ነበር። የሚለያቸው ቁፋሮ ነው። በሁለቱም መስመር ሼሉን የሚያቋርጥ፣ ግማሽ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ትኩስ አለት እስክታገኙ ቆፍሩ፤ ብዙ ጊዜ 40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። የተሸፈነውን ክፍል «ሼል ሳይሆን አይቀርም» ብላችሁ ሎግ ላይ አትሳሉት፤ «የተሸፈነ» ብላችሁ ባዶ ተዉት።

ቦዩ ውስጥ የምትፈልጉት ሼሉን ከሼል የሚለይ ነገር ነው፦ ስስ የኖራ ድንጋይ፣ ቅርፊት የበዛበት ንጣፍ፣ የእሳተ ገሞራ አመድ። ያው ቅደም ተከተል ለ ላይ ሁለቴ ከመጣ ተደግሟል። በለ ላይ ያለው ምልክት በሀ ላይ ከሌለና በቦታው የተፈጨ አለት፣ የተወለወለና የተቧጨረ ገጽ፣ የካልሳይት (የኖራ ማዕድን) መስመሮች ካሉ ተቆርጧል። ምልክቶቹ በሁለቱም በቅደም ተከተል ኖረው ክፍተታቸው ብቻ ከሰፋ እውነተኛ የውፍረት ለውጥ ነው። ቦዩ ውስጥ ዲፑንም በየ2 ሜትሩ አንብቡ፤ ሼል ውስጥ ከላይ የማይታዩ ትናንሽ እጥፋቶች ይደበቃሉ፣ እነሱም ውፍረት ይጨምራሉ።

ስለ መገልበጥ የጠየቃችሁትን ማንም አልነካውም። በየክፍሉ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ማስረጃ ያዙ። ክሮስ ቤዲንግ ከላይ ተቆርጦ ከታች ወደ ንጣፉ እየተጠማዘዘ ይለሰልሳል። የጭቃ ስንጥቅ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል። ጅረት የፋቀው ጎድጓዳና የክብደት እብጠት ከንጣፉ ሥር ነው የሚገኙት። በቅሪተ አካል ቅርፊት ውስጥ ግማሹን ጭቃ፣ ግማሹን ነጭ ካልሳይት ሞልቶት ካያችሁ ጭቃው ያለበት ታች ነው። ከደቃቅ ወደ ሻካራ የሚሄድ ቅንጣት ብቻውን የመገልበጥ ማስረጃ አይደለም፤ የፍርስራሽ ጎርፍ ያከማቸው ንጣፍ ሲፈጠርም እንዲያ ሊሆን ይችላል። ሼሉ ክሊቬጅ (አለቱ ሲታጠፍ የሚፈጠር ትይዩ የመሰንጠቂያ ገጽ) ካለው አንድ ፈጣን ፍንጭ አለ፦ ክሊቬጁ ከንጣፉ ይበልጥ ቆሞ ወደዚያው ካዘነበለ ንጣፉ አልተገለበጠም፣ ከንጣፉ ይልቅ ከተኛ ተገልብጧል። የሚሠራው ግን አለቱ አንዴ ብቻ ታጥፎ ከሆነ ነው።

የታችኛው ይቀድማል የሚለው የስቴኖ ሕግ (እ.ኤ.አ. 1669) ተራራ ውስጥ ያለ ማጣሪያ አይሠራም። በስዊዘርላንድ አልፕስ ግላሩስ ላይ ከ250 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው ቬሩካኖ የተባለ አለት ከ50 ሚሊዮን ዓመት በታች በሆነ ፍሊሽ በተባለ የደለል አለት ላይ ተቀምጧል፤ መካከላቸው ያለው ትረስት ከሩቅ ሲታይ አንድ ቀጭን መስመር ነው። ቦታው እ.ኤ.አ. በ2008 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም በዚሁ ነው።

ዚርኮን፦

ቦዩን ከቆፈራችሁ አይቀር የአመዱን ነገር ልጨምር። አመድ በረዥም ዘመን ወደ ቤንቶናይት ሸክላ ይለወጣል፤ ስስ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ተዳፋቱ ላይ ወደ ውስጥ ይገባና ሣር ይበቅልበታል። ነጭ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሊመስል ይችላል፤ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያሟልጫል፣ በሌንስ ሲታይ የሚያብለጨልጩ የባዮታይት (ጥቁር ሚካ) ቅጠሎች ሊኖሩት ይችላሉ። ጥቂት ሳንቲ ሜትር ቢሆንም ከሌላው ናሙና ሁሉ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ውስጡ ያለው ዚርኮን (ዕድሜው በላቦራቶሪ የሚለካ ደቃቅ ማዕድን) ንጣፉ የተከማቸበትን ጊዜ በቀጥታ ይነግራል። ቻይና ሜይሻን ላይ የፐርሚያንና የትሪያሲክ ዘመናት ወሰን 251.902 ሚሊዮን ዓመት ተብሎ በ0.024 ሚሊዮን ዓመት ስህተት የታወቀው በእንዲህ ያሉ የአመድ ንጣፎች ነው። ከ2 እስከ 5 ኪሎ ውሰዱ፤ ከላይና ከታች ያለው ሼል እንዳይቀላቀል በቢላዋ አጽድታችሁ።

አመድ ካልተገኘ ከአሸዋ ድንጋዩ መካከለኛ ቅንጣት ያለውን 3 ኪሎ ያህል ውሰዱ። ይህ የሚሰጠው «ከዚህ አይበልጥም» የሚል ዕድሜ ነው፤ ዚርኮኖቹ ከሌላ አለት ታጥበው የመጡ ናቸውና። ከጠቅላላው 5 በመቶ የሆነ የዕድሜ ቡድን በ95 በመቶ እርግጠኝነት እንዳያመልጣችሁ ቢያንስ 117 ቅንጣት ይተነተናል።

ለኖራ ድንጋዩ ፓሌኦዞይክ ከሆነ ኮኖዶንት (ጥርስ መሰል ደቃቅ የባሕር እንስሳ ቅሪተ አካል) ፈልጉ። በአንድ ናሙና ከ2 እስከ 5 ኪሎ፣ በ10 በመቶ አሴቲክ አሲድ ይሟሟል። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እንዳትጠቀሙ፤ ኮኖዶንቱ ከፎስፌት የተሠራ ስለሆነ ከድንጋዩ ጋር አብሮ ይሄዳል። ቀለሙንም መዝግቡ፦ ነጣ ያለ ቢጫ ከሆነ አለቱ ብዙም አልሞቀም፣ ጥቁር ከሆነ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢና ከዚያ በላይ አይቷል። ለካርቦን አይሶቶፕ (የተለያየ ክብደት ያላቸው የካርቦን ዓይነቶች) ትንተና በየሜትሩ ከደቃቁ የኖራ ጭቃ ውሰዱ፤ የካልሳይት መስመር፣ ቅርፊትና አየር የበላው ቡናማ ልባስ አይነካም።

ናሙናው ላይ ቁጥሩንና ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስት ድንጋዩ ላይ፣ ቁጥሩን ደግሞ ከረጢቱ ላይ ጻፉ። ስሙን በሜትር አትሰይሙ። «ለ-214» ብላችሁ ከሰየማችሁትና ዲፑ እንዲህ ከተስተካከለ 214ኛው ሜትር ነገ 185 ይሆናል፣ ስሙ ግን ቀርቷል።

ግራጫ ሼል፦

በመጨረሻው ነጥብ አልስማማም። በሜትር መሰየም ናሙና ሲቀላቀል ወዲያው ያጋልጣል። የመጀመሪያው ሜትር ስም ብቻ እንጂ ልኬት አይደለም ብሎ መዝገብ ላይ መጻፍ ይበቃል።

ዚርኮን፦

መዝገቡን ያላየ ሰው ከረጢቱን ብቻ ይዞ ግራፍ ሲሠራ ነው ችግሩ። ለማንኛውም ዘንጉ 1.5 ሜትር ቢሆንም ንጣፉን በዘንግ ብቻ ሳይሆን በሜትር በዝርዝር ለኩ። ጣሊያን ጉቢዮ ላይ ኢሪዲየም የተባለ ብርቅ ብረት እንደተገኘባት እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመላት የሸክላ ንጣፍ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ናት፤ በዘንግ ብቻ የሚዘል ሰው ይረግጣታል።

ንጣፍ ቆጣሪ፦

ቦዩን ከመስመር ለ ሼል እንጀምራለን፣ ከላይኛው አሸዋ ድንጋይ ሥር ወደ ታች። የላይኛውን 20 ሜትር ስንጨርስ ሎጉን እዚህ እለጥፋለሁ።

ሃንድ ሌንስ፦

ከላይ ወደ ታች ከሆነ መስመር ለ ላይ ዳገት መውጣት ማለት ነው፤ እዚያ ወደ ወጣቱ ንጣፍ የሚሄደው ቁልቁለቱ ነው። ሎጉ ላይ ቀስቱን ቀድማችሁ አድርጉ።